ዝናብን በዳታ ተምሮ ለመመረቅ ምን ይጠየቃል?

ለብዙዎቻችን «ዳታ» ማለት በቴሌብር ገዝተነው ሳናስበው የሚያልቅብን ፓኬጅ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላኛው ዳታ ነው፤ ስለ ዝናብ መጠን፣ ስለ ወንዝ ከፍታ፣ ስለ አየር ብክለት፣ ስለ ሳተላይት ምስል። ይሄን ሁሉ ሰብስቦ፣ አጽድቶና ተንትኖ የሚታመን ነገር መናገር የሚችል ባለሙያ የሚያወጣ የትምህርት ዘርፍ አለ። የአካባቢ ዳታ ሳይንስ ይባላል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም።

ፍሬሽማኖች ዲፓርትመንት መምረጫቸው በደረሰ ቁጥር «ኢንቫይሮመንት ልግባ ወይስ ኮምፒውተር?» የሚል ክርክር በየዶርሙ ይነሳል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የዲግሪውን ስም ለጊዜው ተዉትና ለመመረቅ የሚያስገድደውን ዝርዝር አንብቡ። ምን ሳታሟሉ አትመረቁም? የዲግሪው እውነተኛ ጠባይ ያለው እዚያ ነው። ብሮሹሩ ላይ ያለው ፈገግታ ማንም ጋ ይገኛል።

ምክንያቴ ከኢኮኖሚክስ የመጣ ነው። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ሥራ ገበያ ባሳተመው ጥናት ዲግሪን እንደ ምልክት ነው ያየው። ቀጣሪ ጭንቅላታችሁን ከፍቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ችሎታ ያለው ሰው ሊያሟላው የሚችል፣ ለሌለው ግን በጣም የሚከብድ ነገር ይፈልጋል። ሰውዬው በ2001 ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ሐሳቡን ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው፦ መስፈርቱ ለሚችለውም ለማይችለውም እኩል ቀላል ከሆነ፣ ወይም ለሁለቱም እኩል ሎተሪ ከሆነ፣ ወረቀቱ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም።

እስቲ አንድ እውነተኛ ዝርዝር እንይ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ግቢ የዳታ ሳይንስ ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለመመረቅ በጠቅላላው ቢያንስ 120 ዩኒትና 2.0 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ከዚያ የዘርፉ ግዴታ ይመጣል፦ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮግራሚንግ፣ «ዳታ 8» የሚባል የመግቢያ ኮርስ፣ «ዳታ 100» የሚባል ከፍ ያለ ኮርስ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ሞዴሊንግ። ይሄ ድረስ ማንም የሚገምተው ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው፣ ማንኛውም ተማሪ ዳታውን የሚያውልበት አንድ መስክ መርጦ በዚያ መስክ ሦስት ኮርስ መውሰድ አለበት። ከምርጫዎቹ ውስጥ ኢኮሎጂና አካባቢ አለ። ሁለተኛው፣ ዳታ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ የሥነ ምግባር ኮርስ ግዴታ ነው። ኮዱን አቀላጥፎ የሚጽፍ ልጅ ያንን ኮርስ ካላለፈ አይመረቅም። ይሄንን ወድጄዋለሁ። ሦስቱ የመስክ ኮርሶች ግን ያንሳሉ ባይ ነኝ። ስለ ዝናብ በሦስት ኮርስ? እንኳን ሦስት ኮርስ፣ ሦስት ክረምትም አይበቃም። ዝናብ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ተራራው የት ጋ ነው፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ገበሬው መቼ ይዘራል የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። የእኛ ዝርዝር አጭር ነው፤ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ኮርሶቹን ጨርስ፣ ሲጂፒኤህ ከ2.00 አይውረድ፣ ኤፍ አይኑርብህ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና፣ በተለምዶ ኤግዚት ኤግዛም፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጣ። የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሲወጣ የነበረውን ድንጋጤ የሚረሳ የለም። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ ማለትም 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው 17.2 በመቶ ብቻ ነው። አራት ዓመት ተምሮ፣ ጋውን ተከራይቶ፣ ቤተሰብ ጠርቶ «ቆይ ገና ነህ» መባል ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የፈተናውን መኖር አልቃወምም። በ17 በመቶ የታየው ነገር ቀድሞም ነበረ፤ ፈተናው አሳየው እንጂ አልፈጠረውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አራት ዓመት የተማርከው የሕግ አንቀጽ ወይም የሒሳብ አያያዝ መርህ ከሆነ በምርጫ ብዙ ነገር መለካት ይቻላል። የአካባቢ ዳታ ሥራ ግን ዋናው ችግሩ ምርጫዎቹን ማንም አዘጋጅቶ አይሰጥህም። መልሱ ፋይሉ ውስጥ የለም። አንዳንዴ ጥያቄው ራሱ የለም።

ሌላው ችግር ግድግዳው ነው። የዚህ ዲግሪ ቁርጥራጮች አገራችን ውስጥ አሉ። ጂኦግራፊና የአካባቢ ጥናት ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ስታቲስቲክስ አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ አለ። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ አለ። ችግሩ ተማሪው በፕሌስመንት አንዱ ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላው ክፍል ለእሱ ጎረቤት አገር ይሆንበታል። ስታቲስቲክስ የገባችው ልጅ ሪግሬሽን ታውቃለች፤ በልግና ክረምት ለምን እንደሚለያዩ የሚያስረዳት ኮርስ ግን ግዴታዋ ውስጥ የለም። ጂኦግራፊ የገባው ደግሞ የዝናቡን ምክንያት ያውቃል፤ 40 ዓመት ዕለታዊ መረጃ በኤክሴል ሲሰጡት ግን ላፕቶፑ ቀጥ ይላል። ካፌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሽሮ እየበሉ ሁለቱ አንድ ሙሉ ባለሙያ ናቸው። ሬጅስትራር ጋ ግን ሁለት ግማሽ ናቸው።

ፍሬሽማን ላይ ሁላችንም የምንወስደው ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ የሚባል ኮርስ አለ፤ ሞጁሉ ውስጥ ስለ ዳታ ሳይንስ አንድ ምዕራፍ አለ። ትርጉሙን ሸምድደናል፣ ስለ ትልልቅ ዳታ ጠባይ በ«ቪ» ፊደል የሚጀምሩትን ቃላት ቸክለናል። አንድ የተበላሸ ፋይል ግን ተከፍቶ አላየንም። ዋና ልብስ ሳይገዙ ዋና በመጽሐፍ የመማር ያህል ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዲግሪ ቢከፈት ለመመረቅ ምን ይጠየቅ? እኔ ብጠየቅ የበርክሌይን ዝርዝር ገልብጬ አላመጣም። መጀመሪያ የማስቀምጠው በውጭ ዝርዝር ላይ በፍጹም የማይገኝ ነገር ነው፦ ካሌንደር።

አትሳቁ። እስቲ ይሄን ተከተሉኝ። አንድ ተማሪ የዝናብ እጥረት ምርትን ምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት ፈለገ እንበል። ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የ2014 የመኸር ምርት ወሰደ። ከዚያ የ2014 ዝናብ ወሰደና «2014» የሚለውን ከ«2014» ጋር አገናኘ። ኮዱ ይሠራል። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አይወጣም። ግራፉ ያምራል። ውጤቱ ግን ገደል ነው። ምክንያቱም የ2014 መኸርን ያበቀለው ዝናብ ከሰኔ 2013 እስከ መስከረም 2014 የጣለው ነው። አብዛኛው ክረምት ያለው በአሮጌው ዓመት ማብቂያ ላይ ስለሆነ የ2014 ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ያጠጡት የ2015ን መኸር ነው። ተማሪው ሰብሉ ከታጨደ በኋላ በጣለ ዝናብ ሰብሉን አጠጣው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የበጀት ዓመት አለ። ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክረምቱን መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል፤ ሰኔ በአንዱ ዓመት፣ ሐምሌና ነሐሴ በሌላው ይወድቃሉ። የወረዳ ቢሮ ሪፖርት በበጀት ዓመት ነው፣ የሳተላይት መረጃ በፈረንጅ ወር ነው፣ የገበሬው ቃል በእኛ ወር ነው። ጁን ደግሞ ሰኔ አይደለም፤ ጁን 1 ማለት ግንቦት 24 ነው። ጳጉሜንን የት እንደምታስቀምጧት ራሷ አንድ ክርክር ናት። ይሄንን ሳያውቅ የተመረቀ ሰው ስታንፎርድም ይማር ጎንደር፣ የኢትዮጵያን የዝናብ ፋይል ባልሰጠው ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የቦታ ስም። የዛሬ 40 ዓመት የነበረ የዝናብ መዝገብ «ናዝሬት» ሊል ይችላል፤ የአሁኑ «አዳማ» ይላል። «ደብረ ዘይት» እና «ቢሾፍቱ» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ወረዳ እንደ ጸሐፊው አራትና አምስት ዓይነት ስም ያወጣል። ክልሎቹም ቆመው አይጠብቁም። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ከቀድሞው ደቡብ ክልል ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ወጡ። «የደቡብ ክልል ዝናብ በ20 ዓመት» የሚል ጥናት የጀመረ ልጅ ክልሉ እጁ ላይ ተበታተነበት ማለት ነው። ይሄ የጥናት ርዕስ ችግር ብቻ መስሎ ከታያችሁ፣ በጀትና እርዳታ የሚከፋፈለው በዚያው ሠንጠረዥ መሆኑን አስቡ።

ከዚያ ጣቢያዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ ይመጣል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን በብዛት ያሉት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው። ለምን? ጣቢያውን የሚተክለውም የሚጎበኘውም ሰው በመኪና ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ «የዞኑ አማካይ ዝናብ» ስንል ብዙ ጊዜ «የመንገድ ዳር አማካይ ዝናብ» እያልን ነው። ቆላው፣ መንገድ ያልደረሰበት ቀበሌ፣ እዚያ ውስጥ የለም። ይሄን ክፍተት ለመሙላት የጣቢያን መረጃ ከሳተላይት ግምት ጋር የሚያዋህዱ ሥራዎች አሉ። ቺርፕስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ከፋፍሎ በነጻ ይሰጣል። የሠሩት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ግቢ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ጂኦሎጂ ተቋም ጋር ሆነው ነው። በእኛም በኩል የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ኢናክትስ በሚባለው ፕሮግራም የራሱን ጣቢያዎች ከሳተላይት ጋር አዋህዷል። ተማሪው ግን ማወቅ ያለበት፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ የሚያየው ቁጥር የተለካ ሳይሆን የተገመተ መሆኑን ነው። ሁለቱም በፋይሉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ነው የሚታዩት።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ቦረናን ላስታውሳችሁ። እዚያ በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የከብት መድን ተጀመረ፤ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኦሮሚያ ኢንሹራንስ ጋር ያመጣው ነው። አሠራሩ ብልህ ነው። የሞተውን ከብት የሚቆጥር ሰው አይላክም፤ ያ ውድ ነው፣ ለማጭበርበርም ይጋብዛል። በምትኩ ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ያያል። አረንጓዴነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ለአካባቢው ደንበኞች ሁሉ ክፍያ ይለቀቃል። ኢኮኖሚስት ሆኖ ይሄንን የማይወድ የለም።

ግን ሁሉም ነገር ያ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሳተላይቱ አረንጓዴ ያለው ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ቢሆንስ? የአካባቢው ወሰን ሲሰመር ደጋውንና ቆላውን አንድ ላይ ቢያቀላቅልስ? የአንዱ አርብቶ አደር ከብት አልቆ አማካዩ ግን «ደህና ነው» ሊል ይችላል። በኢኮኖሚክስ ለዚህ ስም አለው፤ ቤዚስ ሪስክ እንለዋለን። ለአርብቶ አደሩ ስሙ ሌላ ነው፤ ከፍዬ አልተከፈለኝም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ምን እንደሆነ ምስሉን ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ያንን የክፍያ መስመር የሚያሰምረው ሰው የአካባቢ ዳታ ተማሪ ነው። ምን ሳያሟላ መመረቅ እንደሌለበት መጨቃጨቄ ለዚህ ነው።

የሥነ ምግባሩን ኮርስ የምደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በስላይድ ስለ ግላዊነት የሚያወራ ኮርስ አይደለም የምፈልገው። ለምሳሌ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመንደሮችን መገኛ ሲያወጣ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ሆን ብሎ ነጥቦቹን ያንሸራትታል፤ በከተማ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ አምስት። ይሄን የማያውቅ ተማሪ የሕፃናትን መቀንጨር ከዝናብ ጋር ሲያገናኝ የሌላ መንደር ዝናብ ያመጣል። አውቆ ደግሞ «እውነተኛውን ቦታ ላግኘው» ብሎ ቢቆፍር የሰዎችን ምስጢር ይገልጣል። ሥነ ምግባሩና ቴክኒኩ እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ናቸው።

ስለ ሳተላይት ከተነሳ የችግኙን ነገር ሳልነካ አላልፍም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በየክረምቱ እንተክላለን፤ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ክርክርም በየዓመቱ ይመጣል። ብዙ ተማሪ «በሳተላይት እቆጥረዋለሁ» የሚል የመመረቂያ ርዕስ ይዞ ይመጣል። ሴንቲኔል 2 የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሳተላይት ጥሩ በሚባለው ምስሉ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር። ችግኞቹ በሁለት ሜትር ርቀት ቢተከሉ አንዱ ነጥብ ውስጥ 25 ችግኝ አለ። የጉልበት ቁመት ያለው ችግኝ ለብቻው አይታይም። ይባስ ብሎ ልጁ የሰኔን ምስል ከመስከረም ምስል ጋር አወዳድሮ «አረንጓዴነት ጨመረ» ይላል። አዎ ጨመረ፤ ክረምት ነዋ! ሣሩም አረንጓዴ ነው። ማወዳደር ያለበት የአንዱን ዓመት በጋ ከሌላው ዓመት በጋ ጋር ነው፣ ያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ። ይሄ ልጅ ምርጫ ፈተና ላይ «የሴንቲኔል 2 ጥራት ስንት ነው?» ቢባል 10 ሜትር ብሎ ያልፋል። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ የቁጥሩን ትርጉም ግን አያውቅም።

ስለዚህ በእኔ ዝርዝር ላይ ዋናው መስፈርት የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ነው። አሁን ሳቃችሁ ይሰማኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ግቢ በር ላይ ባሉ ኮምፒውተር ቤቶች እንዴት እንደሚሸጥ ማን ያላየ አለ? እኔ የተማርኩበትም ግቢ በር ላይ ዋጋው ይታወቅ ነበር፤ ከነአማራጭ ርዕሱ። ለዚህ ነው «ፕሮጀክት ይሠራ» ብቻ ማለት የማይበቃው። አሠራሩ ነው ወሳኙ።

አንደኛ ዳታው ከእውነተኛ ጠያቂ ይምጣ፤ ከወረዳ ግብርና ቢሮ፣ ከውሃ ቢሮ፣ ከመድን ድርጅት። ሳንታ ባርባራ ያለው የብሬን ትምህርት ቤት በአካባቢ ዳታ ሳይንስ ማስተርስ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ለእውነተኛ ተቋም ችግር የሚሠሩት የማጠቃለያ ፕሮጀክት ግዴታቸው ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በቡድን መሆኑም ለእኛ ግድግዳ መድኃኒት ነው፤ ከስታቲስቲክስ አንድ፣ ከጂኦግራፊ አንድ፣ ከኮምፒውተር አንድ።

ሁለተኛ የሚታየው የመጨረሻው ወረቀት ብቻ አይሁን። ኮዱ ከነታሪኩ ይቅረብ፤ የትኛው መስመር መቼ ተጻፈ፣ መቼ ተሰረዘ። ኮምፒውተር ቤቱ 60 ገጽ ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ የአራት ወር ውጣ ውረድ መሸጥ ግን ይከብደዋል። በዲፌንሱ ቀን ደግሞ መምህሩ ከፋይሉ ላይ አንድ ዓመት ይሰርዝና «አሁን ውጤትህ ይቀየራል? ለምን?» ይበል። የሠራው ሰው ያስባል፣ ይከራከራል፣ ደግሞ ያሰላል። ያልሠራው ያልበዋል። ስፔንስ ይፈልገው የነበረው ልዩነት ይሄ ነው።

ይሄ ወጪ አለው፤ አልክድም። አንድ መምህር 60 ተማሪ እየያዘ ይሄን ማድረግ አይችልም። ምርጫ ፈተና ርካሽ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው፣ ለመምህሩ ዝምድናም አይበገርም። ለዚህ ነው ፈተናው ይጥፋ የማልለው። ፈተናው መሠረቱን ይለካ፤ ማን ከፋይል ጋር መታገል እንደሚችል ግን ፕሮጀክቱ ይመስክር። ሁለቱም ሳይሟሉ መመረቅ አይኑር።

ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር አለ። የምንማርበት ዳታ አብዛኛው የሰው ነው። የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ፊውስ ኔት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው በእኛው የ77 ድርቅ ማግስት፣ በአሜሪካ ገንዘብ ነው። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም ድረ ገጹ ጠፋ፤ ወራት ቆይቶ ነው የተመለሰው። በዚያው ዓመት መጋቢት አካባቢ የአሜሪካ ኤምባሲዎች የሚለኩትን የአየር ብክለት መረጃ ለሕዝብ ማጋራት አቆሙ፤ አዲስ አበባ ያለውም ከዚያ ውስጥ ነበር። ስለ አዲስ አበባ አየር የመመረቂያ ሥራ የጀመረ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ የሚቀጥለው ወር ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከመመረቂያ መስፈርቶቹ ውስጥ መለኪያ መትከልና መጠበቅም ይግባ እላለሁ። ቢያንስ አንድ ክረምት፣ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዝናብ መለኪያው ጋ ሄዶ አንብቦ መጻፍ። እሑድም ጭምር። አንድ ቀን የቀረ ተማሪ ባዶ ሳጥን ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ባዶን ዜሮ ብሎ መሙላት ድርቅ መፍጠር እንደሆነም አይረሳም።

ዲፓርትመንቱ እስኪከፈት የምትጠብቁ ካላችሁ ግን አትጠብቁ። የበርክሌይ የ«ዳታ 8» መማሪያ መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ነው፤ በስልክም ይነበባል። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው በ2016 ክረምት የተጀመረው ፕሮግራም ውስጥ የዳታ መግቢያ ኮርስ አለ። ላፕቶፕ ለሌለው ጉግል ኮላብ በስልክ ብራውዘር ይከፈታል፤ ጣት ያደክማል እንጂ ይሠራል። ከዲፓርትመንታችሁ ውጭ አንድ ጓደኛ ፈልጉ፤ ጂኦግራፊ ከሆናችሁ የስታቲስቲክስ፣ ስታቲስቲክስ ከሆናችሁ የጂኦግራፊ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ሥራ ይሄን ሞክሩ። ያደጋችሁበትን ወረዳ አንድ ነጥብ መርጣችሁ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን የቺርፕስ ዝናብ አውርዱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን በእኛ ካሌንደር ደምሩ። ለመላው አገር ፋይሉ ከባድ ነው፤ ለአንድ ነጥብ ግን ከአንድ የቴሌግራም ቪዲዮ ያንሳል። ሲያልቅ ግራፉን ሳታሳዩ ቤት ላለ ትልቅ ሰው ደውሉና «ክፉ የነበሩት ክረምቶች የትኞቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዓመተ ምሕረት አይነግሯችሁም፤ «እገሌ በተወለደች ዓመት» ነው የሚሉት። እሱን ወደ ቁጥር መቀየር ይጀመራል።